የኤክሴል ማክሮ ሲሮጥ ማን ማንን ይጠራል? የፕሮሲጀር ጥሪዎችን ደረጃ በደረጃ መከታተል

ይህ መመሪያ የኤክሴል ማክሮን፣ ማለትም ሥራን በራሱ የሚያከናውን ኮድን፣ ከላይ እስከ ታች ደጋግመው አንብበው ስህተቱን ላጡት ነው። ማክሮው የስህተት መልእክት አያወጣም፤ ሥራውን በሰላም ጨርሶ ይቆማል፤ ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም። ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ኮዱን መስመር በመስመር የሚያስኬደውን ኤፍ8 እጅ እስኪዝል መጫን፣ መሀል ላይ የት እንደደረሱ መርሳት፣ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት።

ይህ የትዕግሥት ማነስ አይደለም። በኤክሴል ውስጥ አንድ ፕሮሲጀር፣ ማለትም ስም ያለው አንድ የኮድ ክፍል፣ ሌላውን የሚቀሰቅሰው ስሙን ጠርቶ ብቻ አይደለም። ሴል ላይ ቁጥር መጻፍ ብቻውን ሌላ ፕሮሲጀር ሊያስነሣ ይችላል፤ ያ ጥሪ ደግሞ በኮዱ ውስጥ በየትኛውም መስመር አልተጻፈም። ያልተጻፈ ነገር በማንበብ አይገኝም። ማክሮው እየሮጠ ሳለ መያዝ አለበት።

እስከ መጨረሻው የምንከተለው ምሳሌ አንድ የደመወዝ ፋይል ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 700 ብር ነው። የሥራ ግብሩን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው የተጣራው 9,300 መሆን ነበረበት። ማክሮው ግን 8,600 ይጽፋል። ፕሮሲጀሮቹ አምስት ናቸው፦ ሁሉን የሚመራው ደመወዝ_ሥራ፤ ከዝርዝሩ የሚያነበው ሠራተኛ_አንብብ፤ የሠራተኛውን ረድፍ በአንድ ጊዜ ሺቱ ላይ የሚያሰፍረው ረድፍ_ጻፍ፤ ከተጣራው ላይ የመሠረታዊ ደመወዙን 7 በመቶ የሚቀንሰው ጡረታ፤ እና ሺቱ ላይ ለውጥ ሲኖር ኤክሴል ራሱ የሚያስነሣው ሺት_ሲቀየር።

ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ የሆነውን የቪዥዋል ቤዚክን ቃላትና የሜኑ ስሞችን እዚህ በአነባበባቸው ጽፌአቸዋለሁ። ኤዲተሩ (ኮዱ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ ስትተይቡ ሁሉም በላቲን ፊደል ይሁን። ሰብ፣ ዲም፣ ኢፍ፣ ዴበግ የመሳሰሉት የቋንቋው ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ የሰየምኳቸው ግን የእኛ ስለሆኑ በላቲን ፊደል እንደሚመቻችሁ ሰይሟቸው፤ ሺት_ሲቀየር ብቻ ኤክሴል በሚያውቀው ስሙ ወርክሺት_ቼንጅ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ኤክሴል አያስነሣውም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የፋይሉን ቅጂ አውጡ። ሥራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ሥሩ። ማክሮ የጻፈውን ኤክሴል ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ኮንትሮልና ዜድ እዚህ አያድኑም።

ቅጂውን በዊንዶውስ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ባለ ተራ ፎልደር አስቀምጡ። ከኢንተርኔት ጋር በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ ካለ ደረጃ 7 ላይ ያስቸግራችኋል።

ፋይሉ ማክሮ የሚይዝ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ቅጥያው በኤም የሚያልቀው ኤክስኤልኤስኤም ይሁን። በኤክስኤልኤስኤክስ የተቀመጠ ፋይል ኮዱን ጥሎት ቀርቷል።

ፋይሉ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ከመጣ እገዳውን አንሡ። ኤክሴል ማክሮውን እንዳገደው በቀይ መስመር ከነገራችሁ ፋይሉን ዝጉ፤ በፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ፤ ከታች አንብሎክ የሚለውን ምልክት አድርጉና እንደገና ክፈቱ። ይህን የምታደርጉት ላኪውን ስታውቁት ብቻ ነው።

የዳታውን መጠን ቀንሱ። ሦስት መቶ ሠራተኛ ላይ ዱካ መከተል ራስን ማድከም ነው። ስህተቱ የሚታይበትን አንድ ረድፍና ትክክል የሚመስል ሌላ አንድ ረድፍ ብቻ አስቀሩ። ሁለተኛው ለማወዳደሪያ ነው፤ አትጣሉት።

አማርኛ ኮዱ ውስጥ አትጻፉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የማክሮው ኤዲተር የግእዝ ፊደልን አይዝም፤ «ጡረታ ገባ» ብላችሁ ብትጽፉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ሺቱ ላይ አማርኛው በደንብ ስለሚታይ ሰው ኤዲተሩም የሚያውቀው ይመስለዋል። የምታስመዘግቡት ስም ሁሉ በላቲን ፊደል ይሁን። ከዚህ በታች የምታዩት የዱካ ናሙናም በእናንተ ኮምፒውተር ላይ በላቲን ነው የሚወጣው።

## ደረጃ 1፦ መነሻውን ለዩ

1. ማክሮው በቁልፍ ምስል የሚነሣ ከሆነ ምስሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉና አሳይን ማክሮ የሚለውን ምረጡ። የተመረጠው ስም መነሻችሁ ነው። ሳትቀይሩት ካንስል ብላችሁ ውጡ።
2. በአቋራጭ ቁልፍ የሚነሣ ከሆነ አልትና ኤፍ8ን ተጫኑ፤ ከዝርዝሩ አንዱን መርጣችሁ ኦፕሽንስ ስትሉ አቋራጩ ይታያል።
3. ፋይሉ ሲከፈት ራሱ የሚነሣ ከሆነ አልትና ኤፍ11ን ተጭናችሁ ኤዲተሩን ክፈቱ፤ በግራ በኩል ዚስ ወርክቡክ የሚለውን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። ሲከፈት የሚሠራው ፕሮሲጀር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

*ስሙ በአልትና ኤፍ8 ዝርዝር ውስጥ ካልታየ፦* ዝርዝሩ ፕራይቬት የተባሉትንና ሲጠሩ ዋጋ የሚቀበሉትን ፕሮሲጀሮች አያሳይም። ጠፍቶ አይደለም፤ ኤዲተሩ ውስጥ ኮንትሮልና ኤፍ ብላችሁ በመላው ፕሮጀክት ፈልጉት።

*ፕሮጀክቱ የይለፍ ቃል ከጠየቀ፦* ከጻፈው ሰው ወይም ከቢሮው ኃላፊ ጠይቁ። ያለ እሱ ከዚህ መመሪያ ውስጥ የሚሠራ ደረጃ የለም።

## ደረጃ 2፦ አስቁሙና ኮል ስታኩን እዩ

1. የተሳሳተውን ቁጥር የሚጽፈውን ፕሮሲጀር ፈልጉ። በእኛ ምሳሌ ጡረታ ነው።
2. የመጀመሪያው የሚሠራ መስመር ላይ ጠቋሚውን አድርጉና ኤፍ9ን ተጫኑ። መስመሩ ቡናማ ቀይ ይሆናል፤ ይህ ማቆሚያ ነጥብ ይባላል። በዲም የሚጀምር መስመር ላይ ወይም ማስታወሻ ላይ አይቀበላችሁም፤ ወደሚቀጥለው ውረዱ።
3. ወደ ሺቱ ተመለሱና ማክሮውን በወትሮው መንገድ አስነሡት፤ በቁልፉ ከሆነ በቁልፉ። ኤዲተሩ ውስጥ ኤፍ5ን አትጫኑ። ኤፍ5 የሚያስነሣው ጠቋሚው ያለበትን ፕሮሲጀር ስለሆነ ሰንሰለቱን ከመሀል ትጀምሩታላችሁ፤ የምትፈልጉትም የሰንሰለቱን ጫፍ ነበር።
4. መስመሩ ቢጫ ሆኖ ሲቆም ኮንትሮልና ኤልን ተጫኑ። ኮል ስታክ የሚባለው፣ በዚያች ቅጽበት ማን ማንን ጠርቶ እዚህ እንደደረሰ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል።

ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ከታች ያለው መነሻው ነው፤ ከላይ ያለው አሁን የቆማችሁበት። በምሳሌያችን መጀመሪያ ሲቆም የሚታየው ይህ ነው፦

```
ጡረታ
ሺት_ሲቀየር
[<ኖን ቤዚክ ኮድ>]
ረድፍ_ጻፍ
ደመወዝ_ሥራ
```

መሀል ላይ በቅንፍ ያለችው መስመር ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል። ከእሷ በታች ያለው ፕሮሲጀር በላይ ያለውን በቀጥታ አልጠራውም ማለት ነው፤ መሀላቸው ላይ ኤክሴል ራሱ ገብቷል። ረድፍ_ጻፍ ሺቱ ላይ ጻፈ፤ ኤክሴል ለውጡን አይቶ ሺት_ሲቀየርን አስነሣ። ይህችን መስመር ስታዩ ቆም በሉ፤ በንባብ የማይገኘው ጥሪ እዚያ ነው ያለው።

5. ማንኛውንም ስም መርጣችሁ ሾው በሉ። ኤዲተሩ ጥሪው ወደ ወጣበት መስመር ይወስዳችኋል፤ በጎኑም አረንጓዴ ምልክት ታያላችሁ።
6. ኤፍ5ን ተጫኑና እንዲቀጥል አድርጉ። እንደገና ከቆመ እንደገና ኮንትሮልና ኤል። በምሳሌያችን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆም ዝርዝሩ ሁለት ስም ብቻ ነው፦ ጡረታ፣ ደመወዝ_ሥራ።

ሠራተኛው አንድ ነው፤ ጡረታ ግን በሁለት የተለያየ መንገድ ሁለት ጊዜ ተጠራ። 700 ሁለት ጊዜ ተቀነሰ።

*ኮንትሮልና ኤል ምንም ካላደረገ፦* ማክሮው አልቆመም። ኮል ስታክ የሚሠራው ሩጫው መሀል ላይ ተይዞ ሳለ ብቻ ነው።

*ማቆሚያ ነጥቡ ላይ ሳይቆም ካለፈ፦* ወይ ፕሮሲጀሩ ጭራሽ አልተጠራም፣ ወይ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፕሮሲጀር በሌላ ሞጁል (ፕሮሲጀሮች በሚጻፉበት ሌላ ገጽ) ውስጥ አለ፣ ወይም ሁለት ፋይል ከፍታችሁ ኮዱን የምታዩት በአንዱ ስትሆን የሚሮጠው በሌላው ነው። የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ ይበዛል፤ ቅጂ ስታወጡ ዋናውን ዝጉት።

*ማክሮው አልቆም ብሎ ኤክሴል ከተንጠለጠለ፦* ኢስኬፕን ወይም ኮንትሮልና ብሬክን ተጫኑ። ኮዱ ውስጥ ማቋረጥን የሚከለክል መስመር ካለ ይህም አይሠራም፤ ኢነብል ካንስል ኪ የሚለውን ቀድማችሁ ፈልጉና ቅጂው ላይ በማስታወሻ ምልክት አግዱት።

## ደረጃ 3፦ በኤፍ8 መራመድ፣ ግን በልክ

ኤፍ8 የቆማችሁበትን መስመር ያስኬድና ጥሪ ካለ ወደ ውስጥ ይገባል። ሺፍትና ኤፍ8 የተጠራውን ሳይገባበት ያስኬደዋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ8 ከገባችሁበት ፕሮሲጀር ያወጣችኋል። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ነው የሚደክመው።

ሥራው እንዲህ ይሁን፦ መሪው ፕሮሲጀር ላይ አስቁሙ፤ በሺፍትና ኤፍ8 እየዘለላችሁ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ሴሉን ተመልከቱ፤ ቁጥሩ የተበላሸበትን ጥሪ ስታገኙ አቁሙ። በሚቀጥለው ሩጫ በዚያ ጥሪ ላይ ብቻ በኤፍ8 ወደ ውስጥ ግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማክሮው ቆሞ ሳለ ሺቱን አትነካኩ። ሌላ ሺት ብትከፍቱ ወይም ሌላ ሴል ብትመርጡ፣ «አሁን በተከፈተው ሺት ላይ» እያለ የሚሠራ ኮድ ሌላ ቦታ ላይ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የምትከተሉት ራሳችሁ የፈጠራችሁትን ስህተት ነው። ሁለቱን መስኮት ጎን ለጎን አድርጉና በዓይን ብቻ እዩ።

*ኤፍ8ን ስትጫኑ ድንገት የማታውቁት ፋንክሽን ውስጥ ከገባችሁ፦* ማክሮው ሴል ላይ ሲጽፍ ኤክሴል ሺቱን እንደገና አስልቶ ነው፤ ሴል ውስጥ እንደ ቀመር የተጻፈ የራሳችሁ ፋንክሽን ካለ በዚያው ይጠራል። በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ8 ውጡ። ፋንክሽኑ በብዙ ሴል ውስጥ ካለ መውጣቱ አያልቅም፤ ማክሮውን አቁሙ፣ ፎርሙላስ በሚለው ሜኑ ካልኩሌሽን ኦፕሽንስን ወደ ማኑዋል ቀይሩ፣ እንደገና ጀምሩ። ሲጨርሱ ወደ አውቶማቲክ መመለሱን የሚረሳ ሰው ሌላ ቀን «ኤክሴል መደመር አቆመ» ይላል።

## ደረጃ 4፦ ሩጫው ራሱ እንዲመዘገብ አድርጉ

ኮል ስታክ ፎቶግራፍ ነው፤ አሁን እነማን እንዳሉ ያሳያል እንጂ ማን መጥቶ እንደሄደ አይነግርም። ቁጥሩን ያበላሸው ፕሮሲጀር ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ብታቆሙ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የት ማቆም እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ደግሞ ፎቶ የምታነሡበትም ቦታ የላችሁም። ያኔ እያንዳንዱ ፕሮሲጀር ሲገባና ሲወጣ አንድ አንድ መስመር እንዲተው ማድረግ ነው።

1. ኢንሰርት ከሚለው ሜኑ አዲስ ሞጁል ጨምሩና ይህን ጻፉ፦

```
ፐብሊክ ጥልቀት አዝ ሎንግ

ፐብሊክ ሰብ ግባ(ስም አዝ ስትሪንግ)
    ዴበግ.ፕሪንት ስፔስ(ጥልቀት * 2) & "> " & ስም
    ጥልቀት = ጥልቀት + 1
ኤንድ ሰብ

ፐብሊክ ሰብ ውጣ(ስም አዝ ስትሪንግ)
    ጥልቀት = ጥልቀት - 1
    ኢፍ ጥልቀት < 0 ዜን ጥልቀት = 0
    ዴበግ.ፕሪንት ስፔስ(ጥልቀት * 2) & "< " & ስም
ኤንድ ሰብ
```

ለውጣ ስም ስታወጡ ኤግዚት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አትጠቀሙ፤ የቋንቋው የራሱ ቃል ስለሆነ አይቀበላችሁም። ጥልቀትን ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚጠብቀው መስመርም ለጌጥ አልገባም፤ ስፔስ ከዜሮ ያነሰ ቁጥር ሲሰጠው በስህተት ቁጥር 5 ይቆማል።

2. መሪው ፕሮሲጀር ውስጥ፣ ከዲም መስመሮች ቀጥሎ፣ ጥልቀት = 0 ብላችሁ ጀምሩ።
3. በእያንዳንዱ ፕሮሲጀር የመጀመሪያ መስመር ላይ ግባን ከፕሮሲጀሩ ስም ጋር ጥሩ፤ ከኤንድ ሰብ በፊት ደግሞ ውጣን። ስሙን በእጅ መተየብ ግዴታ ነው፤ ቪዥዋል ቤዚክ አሁን የሚሮጠውን ፕሮሲጀር ስም የሚሰጥ ትእዛዝ የለውም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትገለብጡ ስሙን መቀየር አትርሱ፤ የተሳሳተ ስም ያለበት ዱካ ከምንም ዱካ ይከፋል።
4. ሺቶቹ ጀርባና ዚስ ወርክቡክ ውስጥ ያሉትንም ፕሮሲጀሮች አትዝለሉ። ሰው ሞጁሎቹን ብቻ ሞልቶ የሚያቆመው እዚህ ነው፤ ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሺት ጀርባ ነው ያለው።
5. ኮንትሮልና ጂን ተጭናችሁ ኢሚዲየት የሚባለውን መስኮት ክፈቱ። ውስጡ ያለውን ሁሉ መርጣችሁ አጥፉ። ማቆሚያ ነጥቦቹን ሁሉ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ9 አንሡና ማክሮውን በቁልፉ አስነሡ።

### የመውጫው ችግር

መግቢያ አንድ ነው፤ መውጫ ግን ብዙ። ፕሮሲጀሩ መሀል ላይ ኤግዚት ሰብ ካለ የእናንተን ውጣ ሳይነካው ይሄዳል። ስህተት ሲፈጠርም እንዲሁ። ጥቂት ፕሮሲጀሮች ከሆኑ ከእያንዳንዱ ኤግዚት ሰብ በፊት ውጣን መጨመር ይበቃል። ከበዙ ግን ይህን ዘዴ ተጠቀሙ፤ እኔ ከአሥር ፕሮሲጀር በላይ ያለው ፋይል ላይ ሌላ አልሞክርም።

1. ከኢንሰርት ሜኑ ክላስ ሞጁል ጨምሩ። በፕሮፐርቲስ መስኮት (ኤፍ4) ስሙን ጠባቂ በሉት።
2. ይህን ጻፉበት፦

```
ፕራይቬት ስሜ አዝ ስትሪንግ

ፐብሊክ ሰብ ጀምር(ስም አዝ ስትሪንግ)
    ስሜ = ስም
    ግባ ስሜ
ኤንድ ሰብ

ፕራይቬት ሰብ ክላስ_ተርሚኔት()
    ውጣ ስሜ
ኤንድ ሰብ
```

የመጨረሻውን ፕሮሲጀር ስም በእጅ አትተይቡ። ከኮዱ መስኮት በላይ ካሉት ሁለት ተቆልቋይ ዝርዝሮች በግራው ክላስን፣ በቀኙ ተርሚኔትን ምረጡ፤ ኤዲተሩ ራሱ ይጽፍላችኋል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ኤክሴል ዝም ብሎ አይጠራውም፤ አይነግራችሁምም።

3. በእያንዳንዱ ፕሮሲጀር መጀመሪያ ላይ ግባንና ውጣን በእነዚህ ሦስት መስመሮች ተኩ፦

```
ዲም ጠ አዝ ጠባቂ
ሴት ጠ = ኒው ጠባቂ
ጠ.ጀምር "ጡረታ"
```

ፕሮሲጀሩ በየትኛውም በር ቢወጣ ጠ ከማኅደረ ትውስታ ይለቀቃል፤ ሲለቀቅ ተርሚኔት ይነሣል፤ መውጫው ይመዘገባል። አንድ የማይዘው አለ፦ ለብቻው የቆመ ኤንድ የሚል መስመር። እሱ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ይቆርጣል፤ ተርሚኔትን አይጠራም፤ የሞጁል ተለዋዋጮችንም ያጸዳል። እንዲህ ያለ መስመር ኮዱ ውስጥ ካገኛችሁ ቀድማችሁ ወደ ኤግዚት ሰብ ለውጡት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ መቀጠሉ ችግር ያመጣ እንደሆነም አብራችሁ እዩ።

## ደረጃ 5፦ ዱካውን አንብቡ

በምሳሌያችን ለአንድ ሠራተኛ የወጣው ይህ ነው፦

```
> ደመወዝ_ሥራ
  > ሠራተኛ_አንብብ
  < ሠራተኛ_አንብብ
  > ረድፍ_ጻፍ
    > ሺት_ሲቀየር
      > ጡረታ
        > ሺት_ሲቀየር
        < ሺት_ሲቀየር
      < ጡረታ
    < ሺት_ሲቀየር
  < ረድፍ_ጻፍ
  > ጡረታ
    > ሺት_ሲቀየር
    < ሺት_ሲቀየር
  < ጡረታ
< ደመወዝ_ሥራ
```

ረድፍ_ጻፍ ከውስጡ ምንም ፕሮሲጀር እንደማይጠራ ኮዱን ያነበበ ሁሉ ይምላል። ዱካው ግን በሥሩ ሦስት ጥሪ ያሳያል። አንድ ሰው መሠረታዊ ደመወዝን በእጅ ሲያስተካክል ጡረታው ራሱ እንዲስተካከል ብሎ ጥሪውን ሺት_ሲቀየር ውስጥ አስገብቶታል፤ ለእጅ ሥራ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ማክሮው ረድፉን ሲጽፍም ግን ያው ይነሣል። ጡረታ ደግሞ የተጣራውን ሲያሻሽል ሺት_ሲቀየር ዳግመኛ ይነሣል፤ የተለወጠው ዓምድ የመሠረታዊ ደመወዙ ስላልሆነ ወዲያው ይወጣል። ያ የዓምድ ማጣሪያ ባይኖር ሁለቱ ማለቂያ በሌለው መጠራራት ውስጥ ይገቡ ነበር።

ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ፦

የሚገባ ግን የማይወጣ ስም። በእጅ የተጻፈ ውጣ ከሆነ መሀል ላይ ኤግዚት ሰብ ወይም ስህተት አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮች ሁሉ ከሚገባቸው በላይ ወደ ውስጥ ገብተው ይታያሉ፤ መዛነፉ ከጀመረበት መስመር በላይ ያለውን ስም ያዙ።

በኮዱ ውስጥ ከማታውቁት ሥር የተገኘ ስም። ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።

ከረድፉ ቁጥር በላይ የተደጋገመ ስም። ሁለት ሠራተኛ ብቻ አስቀርታችኋል፤ ስለዚህ በዓይን ይቆጠራል። ሳይቀነስ የተተወ ፋይል ላይ ይህ ምልክት ይጠፋችኋል።

እየጠለቀ ብቻ የሚሄድ። ጥቂት ስሞች እየተፈራረቁ ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፤ በመጨረሻም ስህተት ቁጥር 28፣ የስታክ ቦታ አለቀ የሚለው ይመጣል። እርስ በርስ የሚጠራሩትን ሁለት ስም ከየትኛውም ተከታታይ መስመሮች ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ወጥቶ ሳለ ሥራውን ያልሠራ። ገባ፣ ወጣ፣ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ጠሪው ውስጥ ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት የሚል መስመር ፈልጉ። የተጠራው መሀል ላይ ሲሰናከል፣ የራሱ ስህተት መያዣ ከሌለው፣ ሩጫው ጥሎት ወደ ጠሪው ቀጣይ መስመር ይዘልላል፤ ጠባቂያችን መውጫውን በታማኝነት ስለሚመዘግብ ዱካው ንጹሕ ይመስላል። ይህን ለመያዝ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ጄነራል ገብታችሁ ብሬክ ኦን ኦል ኤረርስን ምረጡና አንድ ጊዜ አስሩጡ፤ የተሰወረው ስህተት መስመሩ ላይ ያስቆማችኋል። ሲያበቃ ወደ ብሬክ ኦን አንሃንድልድ ኤረርስ መልሱት፤ ምርጫው ፋይሉን ብትዘጉትም ይቆያል።

## ደረጃ 6፦ ያልተጻፉ ጥሪዎች ከየት ይመጣሉ?

ዱካው ውስጥ እንግዳ ስም ካያችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፤ የተደረደረው እንደ መደጋገሙ ነው።

1. የሺቱ የራሱ ፕሮሲጀሮች፦ ሴል ሲለወጥ፣ ሲመረጥ፣ ሲሰላ የሚነሡት። ፕሮጀክቱ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱን ሺት ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ እዩ።
2. ዚስ ወርክቡክ ውስጥ ያሉት። እዚያ ያለ አንድ ፕሮሲጀር የሁሉንም ሺት ለውጥ ሊሰማ ይችላል።
3. በቀመር ውስጥ የተጻፉ የራሳችሁ ፋንክሽኖች። እነዚህ ሲሰናከሉ መልእክት አያወጡም፤ ሴሉ ላይ የዋጋ ስህተት ምልክት ብቻ ይተዋሉ።
4. አፕሊኬሽን.ራን። ፕሮሲጀሩን የሚጠራው በጥቅስ ውስጥ ባለ ስም ስለሆነ፣ ስሙ ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ከሆነ በፍለጋ አይገኝም። ራሱን አፕሊኬሽን.ራንን ፈልጉ።
5. ኦንታይምና ዱኤቨንትስ። የመጀመሪያው በሰዓት ቀጠሮ ይጠራል። ሁለተኛው ማክሮው ሳያልቅ ተጠቃሚው ቁልፉን ዳግመኛ እንዲጫን በር ይከፍታል፤ ያኔ ደመወዝ_ሥራ በደመወዝ_ሥራ ውስጥ ገብቶ ታዩታላችሁ።

ጥፋተኛው ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው ኤክሴል ለለውጥ ፕሮሲጀር እንዳያስነሣ አፕሊኬሽን.ኢነብልኤቨንትስን ፎልስ (ሐሰት) ማድረግና ከጻፉ በኋላ ወደ ትሩ (እውነት) መመለስ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን መሀል ላይ ስህተት ቢፈጠር መመለሻው መስመር ሳይደረስበት ይቀራል፤ ከዚያ ኤክሴል እስኪዘጋ ድረስ የትኛውም ሺት ምንም አይሰማም። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ መመለሻውን በስህተት መያዣው ውስጥም ጻፉት።

የእኔ ምርጫ ሌላ ነው፦ ጡረታን ራሱን ማስተካከል። አሁን የሚሠራው «ካለው ላይ ቀንስ» ነው፤ ስለዚህ በተጠራ ቁጥር ይቀንሳል። «ከመሠረታዊው 10,000 ላይ 7 በመቶውን ቀንሰህ ውጤቱን ጻፍ» ቢሆን ሁለትም ሦስትም ጊዜ ቢጠራ 9,300 ነው። ሥራ ላይ ባለው ፋይል ግን ከተጣራው ላይ ግብርም ስለሚቀነስ፣ ሁሉንም ተቀናሽ በአንድ ቦታ አስልቶ አንድ ጊዜ የሚጽፍ ፕሮሲጀር ማድረግ ያስፈልጋል።

## ደረጃ 7፦ ዱካው ሲረዝም ወደ ፋይል አውርዱት

ኢሚዲየት መስኮት የሚይዘው የመጨረሻዎቹን ሁለት መቶ ገደማ መስመሮች ብቻ ነው። የቀደሙት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከላይ ይጠፋሉ። ዱካችሁ ከመሀል የጀመረ ከመሰለ ምክንያቱ ይህ ነው። ኤክሴል ተሰናክሎ ከተዘጋም መስኮቱ ከነይዘቱ ይሄዳል።

```
ፐብሊክ ሰብ መዝግብ(መስመር አዝ ስትሪንግ)
    ዲም ቁ አዝ ኢንቲጀር
    ቁ = ፍሪፋይል
    ኦፕን ዚስወርክቡክ.ፓዝ & "\ዱካ.ቲኤክስቲ" ፎር አፔንድ አዝ #ቁ
    ፕሪንት #ቁ, መስመር
    ክሎዝ #ቁ
ኤንድ ሰብ
```

ግባና ውጣ ውስጥ ዴበግ.ፕሪንት የሚለውን በመዝግብ ተኩ። ፋይሉ ለእያንዳንዱ መስመር ተከፍቶ የሚዘጋው ሆን ተብሎ ነው፤ ያዘገያል፣ ግን ኤክሴል ቢሰናከል የመጨረሻዋ መስመር እንኳ ዲስክ ላይ ትገኛለች። ብልሽቱም ከእሷ ቀጥሎ ነው ያለው። ጊዜም ከፈለጋችሁ ከመስመሩ ፊት ታይመርን ጨምሩ፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ይሰጣል።

*የፋይሉ መንገድ ስህተት ነው ካለ፦* ፋይሉ የሚቀመጠው ከኢንተርኔት ጋር በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ ነው፤ ፓዝ የሚመልሰው የድረ ገጽ አድራሻ ሆኗል፤ ኦፕን ደግሞ እሱን አያውቅም። ቅጂውን ወደ ተራ ፎልደር አንሡ።

*የትናንቱና የዛሬው ዱካ ከተደባለቀ፦* አፔንድ ካለው ላይ ነው የሚጨምረው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት የድሮውን ፋይል አጥፉ።

*የሠራተኛው ስም የጥያቄ ምልክት ከሆነ፦* ስሙ በአማርኛ ነው፤ ፕሪንት የግእዝ ፊደልን አይጽፍም። በስሙ ፋንታ የረድፉን ቁጥር አስመዝግቡ።

## ደረጃ 8፦ አጽዱና መልሱ

1. የመከታተያ መስመሮቹን ሁሉ መንቀል አይጠበቅባችሁም። በሞጁሉ አናት ላይ ዱካ_ይያዝ የሚል ቋሚ ፎልስ አድርጋችሁ ጻፉ፤ በግባና በውጣ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ዱካ_ይያዝ ትሩ ካልሆነ ኤግዚት ሰብ» የሚል አንድ ኢፍ ይብቃ። በሚቀጥለው ወር ስትፈልጉት ፎልሱን ትሩ ማድረግ ብቻ ነው።
2. ማቆሚያ ነጥቦችን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ9 አንሡ። ስቶፕ የሚል መስመር ከጻፋችሁ ግን ይህ አያነሣውም፤ ፈልጋችሁ አጥፉት።
3. ካልኩሌሽን ወደ አውቶማቲክ መመለሱን እዩ።
4. ኢሚዲየት መስኮት ውስጥ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ አፕሊኬሽን.ኢነብልኤቨንትስ ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። ትሩ ካላለ በዚያው መስኮት ትሩ አድርጉት።
5. የተስተካከለውን ኮድ ሙሉ ዳታ ባለው ሌላ ቅጂ ላይ አስሩጡና ካለፈው ወር በእጅ ከተረጋገጠ ዝርዝር ጋር አወዳድሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋናው ፋይል የሚገባው።
6. የዱካውን ፋይልና የሠራችሁባቸውን ቅጂዎች አጥፉ። ለማጣራት ብላችሁ የደመወዝ መጠን አስመዝግባችሁ ከሆነ፣ ያለ ይለፍ ቃል ማንም የሚከፍተው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የሰው ደመወዝ ተቀምጧል።